ይማርሽ፣ ያኑርህ

ገበያው ተበትኖ፣ ቅዳሜ ሲመሽ፣
ሰው ሁሉ በጭቃው ወደ ቤት ሲሸሽ፣
ጺያላ ከዜስታፖኒ በእግሯ መጣች፤
የሟች ባሏን ካፖርት እስካንገቷ ቆልፋለች።
ካፖርቱ ከውስጥ ተላወሰ፣
አንድ ቁልፍ ተፈታ፣ አንድ ላባ ፈሰሰ፣
አንገቷን ብቅ አደረገች ገብስማ ዶሮ፣
የዓይኗ ጥግ አረፋ እንደ ሳሙና ቋጥሮ።

«ሽማግሌ ነው የሸጠልኝ» አለች፣ «እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ሳትሸጥ ብትቀር፣ ዛሬ ማታ ድስት ይጠብቃታል።»
ዶሮዋ አስነጠሰች፤ ድምጿ ቀጠነ እንደ ክር።
«ይማርሽ» አልኳት፣ አጥሬን ተደግፌ፣ እንደ ቁም ነገር፤
ጺያላ ስለ እሷ መለሰችልኝ፦ «ያኑርህ።»
እንዲህ ተመራረቅን። ጨዋታ ነው፤ ምን ታደርገዋለህ።

አሥራ ሰባት ዶሮ አላት፤ ወሰራ፣ ቀይ፣ ዛጎልማ፣
ከበለሱ ሥር የሚንደረደሩ ኮቴዋ ሲሰማ፤
ሁለት ልጆቿ ለሥራ ቱርክ ከቀሩ ወዲህ፣
የዚያ ቤት ድምፅ እነሱ ናቸው፤ ሌላ የለም ከዚህ።

«ኑግዛር» አለችኝ፣ «ያ ክፍልህ፣ ከወይን መጭመቂያው ጎን፣
ሦስት ሳምንት አበድረኝ፤ ለብቻዋ ትሁን።
የእናቴ ደንብ ነው፤ እንግዳ ዶሮ ከቤተኛ አያድርም፣
ሃያ አንድ ቀን ሳይታይ ቆጥ ላይ አይወጣም።»

ክፍሉ ባዶ ነበር። ደረቅ፣ በሩም የሚዘጋ።
ግን ለወይኑ ለቀማ ጠርጌዋለሁ፤
ኩስና ላባ ማን ይጠርጋል ሲነጋ?
«ነገ እናየዋለን» አልኳት።

ነገ። ለተናጋሪው ቀላል።
ሌሊቱ ግን ከሪዮኒ ወንዝ ብርድ ይዞ ይመጣል፤
የረጠበ ላባ ውጭ ማሳደር አልሆነላትም፤
በሩን ከፈተች። ለአንድ ሌሊት ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

አንድ ሌሊት ለበሽታ ስንት ነው?
አንድ ገንዳ፣ አሥራ ስምንት መንቁር የሚጠጣው፣
አንድ ቆጥ፣ ትንፋሽ ከትንፋሽ ተጠጋግቶ፣
ብርድ ሽሽት አንዱ ከአንዱ ክንፍ ሥር ገብቶ።
መንገዱ ያ መተቃቀፍ ነበር።
ቀበሮ አልመጣም፤ አጥር አልተሰበረም፤ ጠብ አልነበር።

ስምንት ቀን ዝም። እንቁላሉም አልጎደለም።
«አየህ?» አለችኝ ፈገግ ብላ፣ «ምንም የለም።»
በዘጠነኛው ወሰራዋ አንገቷን ወደ ሰማይ ሰቀለች፤
ከአየር መሀል አየር እንደምትለምን አፏን ከፈተች።
ከዚያ ቀይዋ። ከዚያ ሁለቱ እህትማማቾች።
ከዚያ ስም የወጣላቸው፣ ከዚያ ገና ቄቦች።
አውራው ሊነጋጋ ሲል ጮኸ፤ ድምፁ የዛገ ማጠፊያ፣
ግማሹን ጮኾ ግማሹን ዋጠው፤ ያ ሆነ መለያያ።

የእንስሳት ሐኪሟ ማናና መጣች፤ ጫማዋን በላስቲክ ጠቅልላ።
«ፈንግል ነው?» አልኳት። ቆየች ዝም ብላ፤
ከዚያ ገንዳውን በእግሯ ደፋችው፦
«ስሙ ምን ያደርግልሃል? በበር ነው የገባው።»

በለሱ ሥር ቆፈርኩ፣ ጥልቅ፤ ኖራ ነሰነስኩ።
ጉድጓዱን እንኳ «ነገ» አላልኩ።

ገብስማዋ ግን ዳነች!
ዓይኗ ጠራ፤ በሰፊው ቆጥ ብቻዋን ተንጎማለለች።
«ጉሮሮዋ ውስጥ የተዳፈነ እሳት አለ» አለች ማናና፣ «ዕድሜ ልኳን።»
ጺያላ ሦስት ጊዜ ቢላ ይዛ ወጣች፣ ሦስት ጊዜ በተነችላት በቆሎዋን።

በጸደይ የመምህሩ ልጅ ናቲያ
ስድስት ጫጩት በባርኔጣ ይዛ መጣች፣ ስጦታ፤
ጺያላ አጥሩ ጋ ቆመች፣ በሩን አልነካችም፦
«ውሰጂያቸው ልጄ፤ እዚህ እንግዳ አይገባም፣
ከዚህም ማንም አይወጣም።»
ልጅቷ አልገባትም። አንዱ ጫጩት ጮኸ።

አንዳንድ ማታ ከአጥሩ ማዶ ገብስማዋ ታስነጥሳለች።
«ይማርሽ» ልል እከፍታለሁ አፌን፤
እሷንማ ምሯት አየን።
«ያኑርህ» ያለችኝም ደረሰ፤ ይኸው እኖራለሁ፤
የጠረግሁትን ባዶ ክፍል በየማታው እዘጋለሁ።